መልክ የሚያሳየው ስልክ

ልብስ ሰፊዋ ሰባት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማለት ለእሷ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ሆነ። ዳቦ ሻጩም ሲያናግራት፣ ቤት አከራይዋም ሲያናግራት፣ አንሶላና የትራስ ልብስ በምትሰፋበት ድርጅት አለቃዋም ሲያናግራት፣ ገባትም አልገባትም ራሷን ትነቀንቃለች። ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ሲናገር ይሰለቻል፣ ሦስተኛ ሲሆን ፊቱ ይጠቁራል። ያን ፊት ከማየት መነቅነቅ ይሻላት ነበር። ሳይገባት ነቅንቃለት የማታውቀው ሰው በዚህ ምድር ላይ አንድ ልጇ ብቻ ነው።

ልጁን ጎረቤቱ ሁሉ «ጆሮ» ይለው ነበር። የእናቱ ጆሮ ነዋ! አባቱ የሞተው ልጁ ገና ሳይድህ ነው። እናትና ልጅ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ የሚግባቡበትን ቋንቋ ራሳቸው ሠሩት። ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ እሷም አልተማረችው፣ እሱም አያውቀው፤ ፊደልም ቢሆን ከገዛ ስሟና ልብስ ላይ ከሚለጠፍ ቁጥር አያልፍላትም። የእነሱ ቋንቋ የተወለደው ምግብ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ዝናብ ለማለት የአሥሩንም ጣቶች ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያረግፋሉ። አለቃዋን ሲያሙ አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው እስከ አገጫቸው የሚስቡ ይመስላሉ። ልጁ «እማ» ሲል ደግሞ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥሞ ከጉንጩ ወደ ላይ ይስባል፤ መርፌ ክር ይዛ ስትወጣ ማለት ነው።

ሲበዛ ለፍላፊ ነበር። እጁ አያርፍም፤ ለማውራት ሲል ማንኪያውን ጥሎ ምግቡ ይቀዘቅዝበታል። ሲያኮርፍ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል። ዓይኑን ከጨፈነ ምንም ብትለው አይሰማትማ! ያን ጊዜ ጎኑን ኮርኩራ፣ አስቃ ታስከፍተዋለች።

አድጎ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ሄደና ካርቶን ፋብሪካ ገባ። እሷ ለሁለተኛ ጊዜ የደነቆረችው ያን ቀን ነው።

ከሚኖሩበት ክፍል ሥር ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷ ወሬ ስለማይነጥፍባት «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ስሙን ራሷም ወዳዋለች። ጆሮ በየእሑዱ ለሬዲዮ ይደውላል። ሬዲዮ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሸጉጣ፣ በእጇ የደንበኛ ፀጉር እንደያዘች፣ ከንፈሯን እያሞጠሞጠች ታስተላልፋለች። «ደህና ነኝ ይልሻል! በልቻለሁ ይልሻል! እዚህ ብርድ ነው ይልሻል!» ያ ለፍላፊ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ለእናቱ የሚደርሳት ይኸው ነው። በመጨረሻ ስልኩን ተቀብላ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ድምፁ አጥንቷን ነዘር የሚያደርጋት ይመስላታል።

አንድ እሑድ ሬዲዮ ስልክ እያዳመጠች ብድግ ብላ ስትጮህ ደንበኞቿ ሁሉ ዞር አሉ።

«እታለም! ስልክ መልክ ሊያሳይ ነው ይላል! ሰው እየተያየ የሚያወራበት! እዚያ ተጀምሯል፣ እኛም ጋ ይመጣል አለ! ‹እማ፣ ልንነጋገር ነው በያት› አለኝ!»

ልንተያይ ነው አላለም፤ ልንነጋገር ነው አለ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ደረጃውን እንደ ልጃገረድ እየዘለለች ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ ስልክ መሸጫው ጎራ አለች። መስታወቱ ላይ፣ በስልክ ውስጥ ሆኖ የሚስቅ ሰው ያለበት ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ሻጩ ደግ ሰው ነበር። «ስልኩስ አለ እናቴ፤ ኔትወርኩ ነው የሌለው» አላት። አልገባትም። እንደ ልማዷ ነቅንቃ ወጣችና በሩ ላይ ስትደርስ ተመለሰች። በዚህስ ነቅንቃ አትሄድም! ጆሮዋን አሳይታ፣ ድገምልኝ ብላ እጇን አወዛወዘች። ሻጩ እጇን ይዞ ወደ ውጭ አወጣትና ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ጣሪያ በጣቱ አሳያት። ሁለት ሠራተኞች ወገባቸውን በገመድ አስረው ብረት ይቀጣጥላሉ። የኔትወርኩ ማማ እየተተከለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድም፣ ማታ ስትመለስም አንገቷ ወደዚያ ጣሪያ ነው። አንዳንዴ ሠራተኞቹ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ብረቱ ብቻውን ዝናብ ሲመታው ይሰነብታል። አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች «ሙሽራ ሆነሻል እኮ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን የምታወራለትን እያጠራቀመች ነበር፤ አለቃዋ ጢሙን ተላጭቶ ማንም ሳያውቀው መቅረቱን፣ የጎረቤቷ ድመት የክር ሳጥኗ ውስጥ መውለዷን፣ ጉልበቷን እያመማት መሆኑን። እነዚህን በሬዲዮ ከንፈር ልካ ማበላሸት አልፈለገችም።

ብረቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጆሮ ሳይደውል ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው ደወለ። ሬዲዮ ስልኩን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። ደንበኛ ጥላ ስትሄድ ታይታ አታውቅም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሥራ በዝቶበት ነው ይልሻል» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ፊት ስታነብ የኖረች ናት። ሬዲዮ እየዋሸች መሆኑን አወቀች፤ ምን እየዋሸች እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻለችም።

ማማው አልቆ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት በራ። ስልኩን ገዛች፤ ሻጩም አጠቃቀሙን በትዕግሥት አሳያት። ጆሮ ግን ሌላ ሰው ሆነ። አንድ እሑድ «የእኔ ካሜራ ተበላሽቷል ይልሻል» ተባለች፤ በሚቀጥለው «እኛ ሰፈር ኔትወርኩ አይዝም ይልሻል»፤ ከዚያ ደግሞ «ሌላ ጊዜ ይልሻል»። እሷም ቀን ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ ማታ ከጣሪያው ጋር ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። ረስቶት ይሆን? ቋንቋውን ከእኔ በቀር የሚያወራው የለው። ወይስ አፍሮብኝ ነው? አብረውት የሚኖሩት ልጆች እናቱ እጇን ስታወናጭፍ አይተው እንዳይስቁበት? ይህኛው ሐሳብ ሲመጣባት ልቧ ቁርጥ ይላል። የባሰው ደግሞ እውነት ከሆነ ልትፈርድበት አለመቻሏ ነው። እሷም ሲሳቅባት ኖራ ታውቀዋለች።

ድምፅ አላት እኮ። ልጅ ሳለች ስትናገር ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲስቁ አይታ የዘጋችው ድምፅ። አንድ እሑድ ሬዲዮ «ሌላ ጊዜ ይልሻል» ለማለት ከንፈሯን ስታሞጠሙጥ፣ ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከትከሻዋ ላይ መንጭቃ ወሰደች። ሰው በሞላበት ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ያን ሻካራ፣ ልኩ የማይታወቅ ድምፅ አወጣችው።

«ልጄ! አሳየኝ!»

ፀጉር ማድረቂያው ቆመ። አንዲቱ ደንበኛ መሬት መሬት አየች። ሬዲዮ ስልኩን መልሳ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ነበር። ከዚያ ወደ ደረጃው አመለከተቻት። «ውጪ፣ ቤት ግቢ እታለም። አሁን ይደውልልሻል።»

መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ብርሃን ፊትሽ ላይ ይሁን ብሏት ነበር ሻጩ። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ አቆመችው። ነዘረ። ነካችው።

ልጇ ነው። ከስቷል። ጢም አብቅሏል፤ ጢሙ የአባቱ ነው። ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶት ከአንገቱ በታች አይታይም። በከንፈሩ «እማ» አለ።

እሷ በሁለት እጇ ፈሰሰች። «ምነው ከሳህ? ጢሙን ማን አሳድግ አለህ? ትበላለህ? ብርዱ እንዴት ነው? ለምን ጠፋህብኝ?» እጆቿ እርስ በርስ እየተደነቃቀፉ። እሱ እያየ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ሞላ። አልረሳም! አንዲቷም አላመለጠችውም። መልሱን ግን በከንፈሩ ጀመረ።

«በአፍህ አታውራኝ» አለችው በእጇ። «እንደ ዳቦ ሻጩ! ራቅ በልና እጅህን ልየው።»

ልጇ ዓይኑን ጨፈነ።

ጎኑን ልትኮረኩረው አትችልም። ጠረጴዛውን ጨብጣ ጠበቀች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ተነሣና ወደ ኋላ ራቀ፤ ትከሻው ታየ፣ ደረቱ ታየ። ቀኝ እጁን ከኋላው አወጣ። አውራ ጣቱ ብቻውን ቆሟል። ከእሱ ወዲያ ጣት የሚባል የለም፤ የመዳፉ ጠርዝ ተሰፍቶ ተዘግቷል። ልብስ ሰፊዋ ስፌት ታውቃለች። ዓይኗ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተከተለው።

በግራ እጁ ይነግራት ጀመር። ካርቶን፤ ይህ ገባት። መጭመቂያው ማሽን፤ ይህም ገባት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሄደባት። የሠሩት ቋንቋ ሁለት እጅ የሚፈልግ ቋንቋ ነው፤ ግማሹ ሲጎድል የቀረው ግማሽ ሌላ ነገር ይሆናል። የገዛ ልጇ ሲያወራ የማታውቀው አገር ሰው መሰላት። «እማ» ሊል ከልማዱ የተነሣ ቀኝ እጁን ወደ ጉንጩ አነሣ፤ አውራ ጣቱ የሚገጥመው ጣት አጥቶ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም አዩት። እጁን ቶሎ አወረደው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት። አልገባትም። ደገመው። ዓይኗን አጥብባ አየች፤ አልገባትም። በሦስተኛው ፊቱ ጠቆረ፤ በእሷ አልነበረም፣ በእጁ አፍሮ ነው። ይህን ልታይ አልቻለችም።

ራሷን ነቀነቀች።

ልጁ ያን መነቅነቅ ያውቀዋል። ቀሚሷን ይዞ ዳቦ ቤት ከቆመበት ዕድሜው ጀምሮ ለሰው ሁሉ ስትሰጠው አይቷል፤ ለእሱ ግን ሰጥታው አታውቅም። ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጭኑ ወረደ። «አልገባሽም» አለ በከንፈሩ። ይህች ገባቻት።

በኋላ ወደ ታች ወርዳ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሬዲዮ ደንበኞቿን አሰናብታ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«አስምሎኝ ነው፣ እታለም» አለቻት፤ ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ቃል እያጠራች። «‹ማማው እስኪያልቅ በግራ እጄ ማውራት እለምዳለሁ፣ ሳታውቅብኝ ይቀራል› አለኝ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ነው የከረመው። በየእሑዱ ‹ማማው የት ደረሰ?› ይለኛል። አላለቀም ስለው ‹ተመስገን› ይላል።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሷ ቶሎ ይለቅ ስትል የከረመችውን ብረት፣ ልጇ እግዜር ያዘግይልኝ ሲል ከርሟል። ሬዲዮ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ የቀኝ እጇን ጣቶች በጨርቅ ጠቅልላ በግራዋ ማውራት ተለማመደች፤ ለሁለቱም የሚሆን አዲስ ቋንቋ እፈጥራለሁ ብላ። ጆሮ ያን ጨርቅ በስልኩ ሲያይ ተቆጣ። በሬዲዮ በኩል «ፍቺው በያት! እኔ የቀረኝ የእሷ እጅ ነው!» አላት። ፈታችው።

አሁን እሑድ እሑድ ሬዲዮ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ትወጣለች። ሁለቱ ሴቶች ስልኩ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጁ በአፉ ይናገራል፤ ሬዲዮም እንደ ድሮው በከንፈሯ ታስተላልፋለች፤ ጥቂት ምልክትም ለምዳለች። ያ ሁሉ የተጠበቀለት ስልክ መጥቶ፣ እናት አሁንም የልጇን ነገር የምትሰማው ከጎረቤቷ አፍ ነው። የጨመረላት ፊቱን ማየት ነው። እሱ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው በታች ያደርጋል፤ እሷም አውጣው ብላ አታውቅም።

በቀደም ሬዲዮ ሰርግ ሄዳ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።  ከዚያ ጆሮ በግራ እጁ ወደ እሷ አመለከተና አገጩን በመዳፉ አስደገፈ። አውሪኝ ማለቱ ነው፤ ይህን ማንም አላስተረጎመላትም። እሷም ጀመረች። ድርጅታቸው ሕንፃ ሊቀይር መሆኑን፣ የስፌት መኪኖቹ ሲጫኑ አለቃዋ ግድግዳ ዞሮ እንዳለቀሰ፣ አንደኛዋ መኪና ሥር የዓመታት መርፌና አዝራር ተከምሮ እንደተገኘ፣ ሴቶቹ ተንበርክከው የየራሳቸውን ሲፈልጉ እንደዋሉ። አዝራሮቹ ጋ ስትደርስ የልጇ ፊት ቀጥ አለ። አገጩ በመዳፉ ላይ፣ ከንፈሩ ሊስቅ ገና ሲከፈት። ዓይኑ አይርገበገብም።

ኔትወርኩ ተይዞ ነው። ሻጩ እንዲህ ሲሆን ዝጊና መልሰሽ ደውዪ ብሏት ነበር። እጇን ወደ ስልኩ ሰደደችና መለሰችው። የእሱ ወደ እኔ ባይደርስ፣ የእኔ ወደ እሱ እየደረሰ ይሆናል ብላ አሰበች፤ መሀል ላይ ብተወው ያዝናል። ክንዷ እስኪዝል፣ ስለ አዝራሮቹ የቀረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አወራችለት።