የይመር ግራ እግር፦ በትንሽ ቀዳዳ ወይስ በሰፊ ቅድ

1.

ወይ ትንሽ ቀዳዳ፣ ወይ ሰፊ ቅድ።

2.

ከመሃል ጀመርኩ መሰለኝ። እንደገና ልሞክር።

ባለቤቴ ይመር የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ተሳቢ ይነዳል። ወገቡ ውስጥ ካሉት ዲስኮች የመጨረሻው ከቦታው ወጥቶ ወደ ግራ እግሩ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ግራ እግር ማለት የፍሪሲዮን እግር ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ያቃተው ሹፌር መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅስም። ይመር ደግሞ ከመንዳት ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ፀሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለኖርኩ ነገር በቁጥር ካልተቀመጠልኝ አይገባኝም። ይሄኛው በቁጥር ተቀምጦም አልገባኝም።

3. ምርጫው

አዲስ አበባ ሁለት ሐኪሞች ጋ ሄድን።

ዶክተር ኤፍሬም ረጋ ያሉ ናቸው፤ ሲናገሩ እስክሪብቶ ያሽከረክራሉ። በትንሽ ቀዳዳ ቱቦ አስገብተው፣ በማጉያ እያዩ፣ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ያወጣሉ። ጡንቻው ብዙ አይጎዳም፤ ሁሉም ደህና ከሆነ በማግስቱ ቤት ነው። «ግን አይቸኩሉ» አሉት። «እግርዎ ጥሩ ጉልበት አለው። ለጊዜው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ እንየው።»

ዶክተር ሰናይት ሌላ ሆስፒታል ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ። ቱቦው የላቸውም፤ እሱንም ሳይደብቁ ነገሩን። ጀርባውን በደንብ ከፍተው፣ ጡንቻውን ገለል አድርገው፣ በዓይናቸው እያዩ ያወጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ ሕመሙ ይበዛል። «ግን አይቆዩ» አሉት። «ይህ እግር እየደከመ ነው።»

ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። የትኛው ይሻላል? ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡኝ፦ ከዓመት በኋላ ሲታይ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ተቀራራቢ።

ተቀራራቢ ከሆነ ምረጡ የሚሉን ለምንድን ነው? አንባቢ ሆይ፣ ከገባህ ጠርዙ ላይ ጻፍልኝ።

4. ምርጫው

ትንሽ ቀዳዳ፦ ቶሎ ይነሳል።
ሰፊ ቅድ፦ ዘግይቶ ይነሳል።

ትንሽ ቀዳዳ፦ ሐኪሙ በጠባቡ ያያል።
ሰፊ ቅድ፦ ሐኪሟ በሰፊው ታያለች።

ትንሽ ቀዳዳ፦ ዲስኩ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።
ሰፊ ቅድ፦ ዲስኩ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ትንሽ ቀዳዳ፦ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።
ሰፊ ቅድ፦ ምን ልበላችሁ።

5. ቃለ ጉባኤ

ቦታ፦ ሳሎናችን።

የተገኙ፦ ይመር (ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ)፤ ጋሽ በዳዳ፣ የይመርን መኪና የሚጠግኑ ባለጋራዥ፤ እኔ፣ ፀሐፊ።

አጀንዳ፦ የይመር ወገብ።

ጋሽ በዳዳ፦ ካምቢዮ ከመኪናው ሳይወርድ ተሠራ ሲሉኝ እኔ አላምንም። በቀዳዳ አጮልቆ ምን ይታያል?

ይመር፦ እኔም የምላት እሱን ነው።

እኔ፦ ወገብ ካምቢዮ ነው እንዴ ጋሽ በዳዳ?

ጋሽ በዳዳ፦ አይደለም ልጄ። ካምቢዮማ መለዋወጫ አለው።

ይመር፦ ያወጡትን ቁራጭ ያሳዩኛል? ጠይቀሽልኛል?

እኔ፦ ምን ያደርግልሃል?

ይመር፦ አሮጌውን ዕቃ ሳላይ «ተቀይሯል» ተብዬ ከጋራዥ ወጥቼ አላውቅም።

ጋሽ በዳዳ፦ እውነቱን ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያስለመድኩት።

እኔ፦ በቱቦ የወጣውንም በብልቃጥ ያሳያሉ ተብሏል።

ይመር፦ የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ውሳኔ፦

 

(ረስቼው አይደለም። በተሰበሰብን ቁጥር ይሄ ቦታ እንዲሁ ነው የሚቀረው።)

6.

በዚህ መሃል ነጠላ ጫማው ከግራ እግሩ እየወለቀ መቅረት ጀመረ። ሳሎን ውስጥ አገኘዋለሁ፣ በረንዳ ላይ አገኘዋለሁ። አንስቼ አጠልቅለታለሁ። እሱ «ጫማው ሰፍቶ ነው» ይላል። አዲስ ገዛሁለት። አዲሱም ወለቀ።

7.

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጀርባውን እያሸሁት ስለ ዶክተር ሰናይት አነሳሁ።

«እኔ ዶክተር ኤፍሬም ይሻሉኛል» አለ። «እሳቸው ጋ እኮ አልፌያለሁ።»

«ምኑን ነው ያለፍከው?»

«ምርመራውን ነዋ።»

እጄን ከጀርባው አነሳሁ።

«ይመር፣ ምን አድርገህ ነው ያለፍከው?»

8. መመሪያ፦ ሹፌር ለሐኪም እንዴት እንደሚዘጋጅ

ለቦሎ ምርመራ መኪናህን እንደምታዘጋጅ ተዘጋጅ። ጎማህ ካለቀ ከጓደኛ ትዋሳለህ። መብራትህ ካልሠራ ለዚያች ጠዋት እንዲሠራ ታደርገዋለህ። ማለፍህን አረጋግጠህ ወደ መስመርህ ትመለሳለህ።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመግባትህ በፊት፣ ሚስትህ ካርድ ልታወጣ ስትሰለፍ፣ ጥግ ላይ ወዳለው ፋርማሲ ሂድና የሕመም ማስታገሻ ተወጋ። ፊትህን ታጠብ። ሳታነክስ ግባ።

ሐኪሙ «በጣትዎ ቆመው ይሂዱ» ሲሉህ በአልጋው በኩል ሂድ። በግራ እጅህ አልጋውን ደገፍ አድርግ። ብዙ አይታይም።

«ያምዎታል?» ሲሉህ «ደህና ነኝ» በል።

ዶክተር ሰናይት ጋ ስትሄድ ግን መርፌውን አትወጋ፤ እዚያ ያለው ፋርማሲ ተዘግቶ ታገኘዋለህና። ክፍሉም ጠባብ ነው፤ አልጋው ሩቅ ነው።¹

¹ ይህን ሁሉ ይመር እየሳቀ ነው የነገረኝ። ሲጨርስ እንኳ ለምን እንዳልሳቅሁ አልገባውም።

9.

ስንት ምሽት ሙሉ ስለ ቀዳዳና ስለ ቅድ ስንከራከር፣ ሐኪሞቹ ያልተስማሙት በቅዱ ስፋት አልነበረም። ሁለቱ ያዩት የተለያየ እግር ነው። አንዱ መርፌ ያደነዘዘውንና አልጋ የደገፈውን እግር አዩ። ሌላዋ የይመርን እግር አዩ።

ተናደድኩ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አስታውሼ ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

10. የስልክ ንግግር

እኔ፦ ዶክተር፣ ያኔ ያዩት እግር ትክክለኛው አልነበረም።

ዶክተር ኤፍሬም፦ አልገባኝም።

እኔ፦ መርፌ ተወግቶ ነበር። አልጋም ተደግፎ።

ዶክተር ኤፍሬም፦ አሁን በግራ እግሩ ጣት ብቻ መቆም ይችላል?

እኔ፦ (ይመርን አስነስቼ፣ ስልኩን ትከሻዬ ላይ ይዤ) አይችልም። ተረከዙ አልነሳ አለ።

ዶክተር ኤፍሬም፦ ነገ ይዘውት ይምጡ።

እኔ፦ በትንሿ ነው በሰፊው?

ዶክተር ኤፍሬም፦ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እስካሁን የጠየቁኝ ስለ ቅዱ ነው። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ነርቩ ተጭኖ የቆየበት ጊዜ ነው።

11.

በማግስቱ እንደገና መረመሩት፤ ይመር በዚህኛው አላለፈም። በትንሹ እንደሚጀምሩ፣ በደንብ ካልታያቸው እንደሚያሰፉት ነገሩን። ስለዚህ ለሁለቱም ፈርሙ አሉን።

ይመር ፈረመ። እኔም እንደ ቤተሰብ ፈረምኩ።

ለሁለቱም።

ያን ሁሉ ጊዜ የተጨቃጨቅነው ለዚህ ነው? ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

12.

ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ ጀርባው ላይ ትልቅ ፋሻ ነበር። ትንሹ ይሁን ሰፊው ከፋሻው መለየት አልቻልኩም። ነርሷን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጋሽ በዳዳ ደውለው «አወረዱት ወይስ ሳያወርዱ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ቁራጩንስ አየሽው?» አሉኝ። ብልቃጡ ኮመዲኖው ላይ ነበር፤ ውስጡ ያለው ነገር ከታኘከ ማስቲካ አይበልጥም። አይቼዋለሁ አልኳቸው።

13.

እዚህ ላይ ብጨርሰው በወደድኩ። ባሌ ተርፎ ወጥቷል፣ ሕመሙ ቀሎለታል፣ ሾርባ ጠጥቷል። ግን ሹፌሩ ተርፎ እንደሆነ ገና አልተናገርኩም።

14.

ዶክተር ኤፍሬም ወደ ማታ ገቡ።

«ነርቩን ነፃ አድርገነዋል» አሉ። «ተጭኖ ስለቆየ ግን ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚመለስ ከወዲሁ ልነግርዎ አልችልም። ዛሬ እግሩ እጄን ትንሽም ቢገፋ ጥሩ ምልክት ነው። ባይገፋ ገና ብዙ ይቀረናል፤ ላይመለስም ይችላል።»

መዳፋቸውን ወደ ውስጥ እግሩ ሲያስጠጉ ይመር እግሩን ሸሸት አደረገ።

«እሷ ትያዘው» አለ።

«ለምን?»

«እርስዎ ሲይዙኝ ለማለፍ ነው የምታገለው» አለ ይመር። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «እሷ ጋ ማስመሰል አይሆንልኝም።»

ዶክተሩ ዞር ብለው አዩኝና ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

አልጋው ጫፍ ቆምኩ። ግራ እግሩን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ይሞቃል፤ ይከብዳል። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ነው። ስንት ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግር ነው።

15.

«ይግፉ አቶ ይመር።»

«እየገፋሁ ነው።»

ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ።

መዳፌ ላይ የሆነ ነገር አለ። የእግሩ ክብደት ይሁን፣ የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ይሁን፣ እሱ ይሁን አላውቅም። እጄን ላጸናው ሞከርኩ፤ ባጸናሁት ቁጥር ይብሳል።

«ትርንጎ» አለ ይመር፣ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ። «እንዳትዋሺኝ። ይሰማሻል?»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን ማሽከርከር ትተው ይጠብቁኛል። ይሄን ቦታ እንደ ቃለ ጉባኤው ውሳኔ ባዶ ልተወው አልችልም።

እኔ፦