ከምንጣፍ እስከ በር

መጨረሻውን አስቀድሜ ልናገር፦ አርጊሪስን ረሸኑት። ድሮ ቢሆን ይህቺን ለመንገር አርባ ገጽ አስጠብቃችሁ ነበር። ሥራዬ እሱ ነበራ። አቴና ውስጥ በየሳምንቱ ለሚወጣ መጽሔት ተከታታይ ልብ ወለድ እጽፍ ነበር፤ አንዲት ሴት በር ላይ አቁሜ “ይቀጥላል” ብዬ መሄድ ነበር መተዳደሪያዬ። አንባቢዎቼ በደብዳቤ ይሰድቡኝና በሳምንቱ ተመልሰው ይገዙኛል። ስድቡን እወደው ነበር።

እስር ቤት የገባሁት የጽሕፈት መኪናዬን ለጓደኛዬ ስላዋስኩ ነው። እሱ በራሪ ወረቀት አተመበት፣ እኔ አራት ዓመት ተፈረደብኝ። ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነበርና አራት ዓመት እንደ ምርቃት ይቆጠራል። በአንድ ክፍል ሠላሳ አንድ ሰዎች ታጭቀናል፤ ዘጠኙ ሞት የተፈረደባቸው ናቸው። ጠባቂው ከቀትር በኋላ ወረቀት ይዞ ይመጣና ስም ይጠራል። የተጠራውን ለብቻው ያሳድሩታል፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከግንቡ ጀርባ ተኩሱን እንሰማለን።

በክፍሉ ደንብ ሁሉም የሚችለውን ያዋጣል። ፀጉር አስተካካዩ ይላጫል፣ ልብስ ሰፊው ይጥፋል። የክፍሉ አንጋፋ አጎት ዚሲስ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ በኤፒሮስ ተራራ ላይ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሽማግሌ። በገባሁ በማግስቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

“አንተስ ምን ትችላለህ?” አለኝ።

“መዋሸት።”

“በል እንግዲያው ከሾርባ በኋላ ትዋሽልናለህ።”

ስለዚህ በየምሽቱ ከሾርባ በኋላ የፎቲኒን ታሪክ መተረክ ጀመርኩ። ፎቲኒ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የሚታደን ወንድሟን ምድር ቤቷ ውስጥ ቆልፋ ደብቃለች። ልጅነቷን፣ ጋብቻዋንና የባሏን ሞት በአንድ ትንፋሽ አለፍኩት፤ ማንም ቅር አላለው። ወንድሟን የሚያድን አንድ አሥር አለቃ በሯን ሲያንኳኳ ግን ልጓሙን ያዝኩ። ሰው ሲፈራ ጊዜው ይረዝምበታል፤ ስለዚህ ልታስፈራው ከፈለግህ ጊዜውን አርዝምለት። የሙያው ምስጢር ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። አሥር አለቃው ተቀመጠ፣ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ። ከዚያ “ምድር ቤቱን አሳዪኝ” አላት።

ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርዱት ደረጃዎች አምስት ናቸው። አራቱን ለመውረድ አራት ምሽት ፈጀብኝ። አንደኛው ላይ ጫማዋ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛው ላይ አሥር አለቃው ሳለ፣ ሦስተኛው ላይ ከታች አንድ ነገር ኮሽ አለ፣ አራተኛው ላይ “ቁልፉን” ብሎ እጁን ዘረጋ። በየምሽቱ እዚያው ላይ አቆማለሁ።

“የኔ በቅሎ ስሚንቶ ተጭና ገደል ስትወርድ ከዚህች ሴትዮ ትፈጥናለች” ይላል አጎት ዚሲስ። ሰዉ ይስቃል።

ልብስ ሰፊው ግን አይስቅም ነበር። ታሪኩን ከጀመርኩ ወዲህ ለአሥራ አንድ ቀን ማንም አልተጠራም። አንድ ቀን ጠጋ አለኝና “አደራህን፣ አትጨርሰው” አለኝ። ሳቅኩበት፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አርጊሪስ ሞት ከተፈረደባቸው አንዱ ነው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ድንጋይ ጠራቢ። አይጫወትም፣ አያማርርም። ፎቲኒ ወንድሟን የቆለፈች ምሽት ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከአፌ ነቅሎ አያውቅም። ለፍልሰታ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አራተኛውን ደረጃ በተረክሁበት ምሽት፣ ከመተኛታችን በፊት ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ስታጠብ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

“መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰጠችው?”

“ማን ማንን?”

“ፎቲኒ። ወንድሟን ለአሥር አለቃው አሳልፋ ሰጠችው?”

“ትደርስበታለህ፣ ምን አስቸኮለህ?” አልኩት፣ እሱን የሚያስቸኩለውን እያወቅኩ።

እጁን በሱሪው ጠረገ። “እኔም እህቴ ቤት ነበርኩ፣ ከድርቆሹ ሥር። ወታደሮቹ ቤቱን እንኳ አልፈተሹም፣ ቀጥ ብለው ድርቆሹ ጋ መጡ። ከእህቴ ከቫሲሎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህንኑ ሳብላላ ነው የማድረው። ያንተ ተረት እንደሆነ አይጠፋኝም፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን አንተ ስለ ሰው ስትጽፍ ነው የኖርከው። እንደዚያ ያለች ሴት ምን ታደርጋለች?”

መጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ፎቲኒ ቁልፉን ጨብጣ “ከባሌ ጋር ተቀብሯል” ትላለች፤ አሥር አለቃው ቢመታትም ቃሏን አትለውጥም። አልሰጠችውም። ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

“ነገ ከሾርባ በኋላ” አልኩት።

ሰበብ ነበረኝ። ነገ የሚጠራ ሰው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው የሚረሸነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የፍልሰታ በዓል ነው፣ በእመቤታችን ቀን ሰው አይገድሉም ብለን ሁላችንም ተማምነናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ሰው አፌ ላይ አፍጥጦ ማየት እፈልግ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የእሱን ፊት ማየት እፈልግ ነበር፣ ያቺን ቃል ስናገር። ቧንቧ ሥር ልጥላት አልፈለግኩም።

“ጨካኝ ነህ” አለኝ እየሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አጎት ዚሲስ “ለእኛ ምን ፍልሰታ አለው፣ መንግሥት ዓመቱን ሙሉ እያስጾመን” እያለ ሲቀልድ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ወረቀቱን ማንበብ እንኳ አላስፈለገውም።

“አርጊሪስ ቱምባስ።”

ጫማውን አጠለቀ። ኮቱን ለልብስ ሰፊው ሰጠው። አጎት ዚሲስን ሳመ። ከመኝታ ምንጣፉ እስከ በሩ አሥር እርምጃ ይሆናል፤ መሐል ላይ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“መምህር፣ ሰጠችው?”

አፌን ከፈትኩ። እንዲህ አልኩ፦ “አምስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ መብራቱ ጭል ጭል ማለት ጀመረ...”

በመብራቱ ጀመርኩለት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በመብራቱ። ሃያ ዓመት የለመደ ምላስ ሌላ መንገድ አላወቀም። ጠባቂው ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል፣ አርጊሪስ የኋሊት እየተራመደ በጭንቅላቱ እሺ፣ እሺ፣ ቀጥል ይለኛል። እኔም ቀጠልኩ። የአሥር አለቃውን ትንፋሽ፣ የግድግዳውን እርጥበት፣ ሽርጧ ውስጥ የገባውን እጇን ነገርኩት። ጣቶቿ ቁልፉን ሲነኩ የክፍላችን በር ተዘጋ።

“አልሰጠችውም” ብዬ ጮኽኩ። በሩን በጡጫዬ እየደበደብኩ ደግሜ ደጋግሜ ጮኽኩ። የጫማ ኮቴ ሳይቆም ራቀ።

ሾርባው መጣ። አጎት ዚሲስ ማንኪያውን አስቀመጠና፣

“‘አልሰጠችውም’ ስንት ቃል ነው?” አለኝ።

“አንድ።”

“አንድ” አለና ፊቱን አዞረ።

በበዓሉ ጠዋት ተኩሱን ሰማን። ከዚያ በኋላ ተርክልን ያለኝ ሰው የለም፤ ቢሉኝም አልችልም ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት መጥታ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች፤ ገና ስሟን ሳትነግረኝ በዓይኗ አወቅኳት።

“ቫሲሎ እባላለሁ፣ የአርጊሪስ እህት። ከእርስዎ ጋር ነበር የታሰረው አሉኝ” አለች። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ እንደመጣች አቧራው ይናገራል። “ምግብ ሳመላልስለት ጎረቤታችን አይቶኝ ኖሯል፣ እሱ ነው የጠቆመው። እኔ አልተናገርኩም። እኔ እንደሰጠሁት አምኖ ነው የሞተው? ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፣ ይህን ብቻ ይንገሩኝ።”

“አይደለም” አልኳት ወዲያውኑ። “እርስዎ እንዳልሰጡት ያውቅ ነበር።”

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የነገርኳት ውሸት ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። የእስር ክፍላችን በር የብረት ነበር፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል።