ለታናሽየዋ የተመታ ክሬም

ኬክ ጋጋሪዋ ታናሽ እህቷን የምትጠላት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠገብኩ ስትል የምር መጥገቧ። ያቺ ጉደኛ ግማሽ ቁራሽ በልታ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ትታ፣ ኬክ ላይ ስም ወደምትጽፍበት ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። ታላቅየዋ ክሬም ትመታለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱንም ጎድጓዳ ሳህን ሳትቀምስ አሳልፋ አታውቅም። የተተወውንስ ግማሽ ማን ይበላዋል? እሷው ናታ። ቅናት አንጀቷን እየበላት፣ እሷ ኬኩን ትበላለች።

ጉልበቷ አልሸከም ሲላት ሐኪም ቤት ሄደች። ነርሷ የደም ምርመራዋን አየችና፣

"የጥጋብ ሆርሞን አላነሰሽም፤ እንዲያውም ሞልቶ ተርፎሻል" አለቻት። "ሰውነትሽ በቃኝ ይላል። ግን ስኳርና ስብ ሲደራረብበት አንጎል መልእክቱን መስማት ይተዋል።"

"የእህቴስ? እሷ ግማሽ ቁራሽ በልታ ትጠግባለች።"

"የሷማ ይሰማላ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወጥቶ ማንኪያውን ይጥል ነበር። እሷ ምን አሰበች መሰላችሁ? የሷም ይደንቁር። ታናሽየዋ ቁርሷን የምትበላው አብረው ከሚሠሩበት ኬክ ቤት ነው፤ በማግስቱ ለብቻዋ ክሬም ተመታላት፣ ቅቤው እጥፍ፣ ስኳሩ እጥፍ። ጣፋጭነቱ እንዳይነቃበት ሎሚ ጠብ ተደረገበት፤ ሙያ ለዚህም ይሆናል። "ብዪ እንጂ፣ ነፋስ ሊወስድሽ ነው" ትላታለች፤ ላያት ሰው አንጀት የምታርስ እህት ናት።

ሰባት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ሳህኑ ባዶውን መመለስ ጀመረ። ቀጥሎ ታናሽየዋ የጎድጓዳውን ጠርዝ በጣቷ ስትጠርግ ታየች። ታላቅየዋ ጀርባዋን አዙራ ፈገግ አለች። ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽየዋ ስም የምትጽፍበትን የክሬም ከረጢት አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እቴቴ፣ እበላለሁ እበላለሁ፣ አልጠግብም። ያበድኩ መሰለኝ። አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ሆዳም ነው ሲሏት የኖሩት። አሁን ሕመሟን የምታውቅላት አንዲት ሰው ብታገኝ፣ ያሳመመቻት እሷው ራሷ ሆነች።

"አልቻልኩትም" አለች። "ስላልቻልኩት ነው ላንቺም የሰጠሁሽ። ክሬምሽን ሆን ብዬ ያከበድኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ቀንቼብሽ።"

ታናሽየዋ ትክ ብላ አየቻት። ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ አስቀመጠችና ወጣች።

ታላቅየዋ ብቻዋን ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት እንኳ ራባት።