አንድ ፊደል የተረፈው ወደብ

ካርዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። መነጽር ሠሪዋ ቁጥሩን እንደገና አንድ በአንድ እያነበበች ስልኳ ላይ አስገባች፤ ስልኩ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ክፍያው አልተሳካም፣ ቆየት ብለው ይሞክሩ። ለምን እንዳልተሳካ አይልም። ምን ያህል ቆየት እንደሚባልም አይልም።

ቅዳሜ ነበር፤ መነጽር ቤቱ ቀትር ላይ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። የሌንስ መሞረጃው ማሽን ጠፍቷል፤ ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከጎኗ የተሰበረ ፍሬም የሚጠግነው ባልደረባዋ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ስልኳን አየ። አላውቅም የሚለው ነገር ስለሌለ "ፕሮፌሰር" ነው የሚሉት።

"ዛሬም ጌም?" አላት። "በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ?"

"ለእኔ አይደለም። ለአባቴ ነው።"

ፕሮፌሰር ቀልዱን ትቶ ወደ ፍሬሙ ተመለሰ። የአባቷን ነገር ያውቃል።

አባቷን ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከዳው። ንግግሩ ተመልሷል፤ እግሩም እየተጎተተ ቢሆን ይራመዳል። እጁ ግን ከጎኑ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለስላሳ ኳስ ሰጥታ በቀን መቶ ጊዜ ጨብጥ ብላው ነበር፤ ኳሱ በማግስቱ አልጋ ሥር ገባ። ዕድሜ ልኩን ፀጉር የሚያህል ሽቦ ሲበይድ የኖረ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። እንደ ሕፃን ኳስ ያዝ መባሉ ሞት መሰለው። ባለሙያዋ ልጁን ለብቻዋ ጠርታ፣ ጣቶቹ በእነዚህ ወራት ካልሠሩ እንደ ደረቁ ይቀራሉ፣ የሚወደው ነገር ካለ ፈልጊለት አለቻት።

የሚወደውንማ ታውቃለች።

በዐሥር ዓመቷ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሱቁ ነበር የምትሮጠው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረውበት የብየዳ ጢስ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ደንበኛ ለጥገና ሰጥቶት የውሃ ሽታ የሆነበት ኮምፒውተር ነበር። አባቷ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ባለቤቱ ሲቀር በትርፍ ጊዜው ጠገነው። አብሮት የመጣ አንድ ዲስክ ነበር፣ ዲስኩ ላይ አንድ ጨዋታ።

ጨዋታው አንዱን የቁልፍ ሰሌዳ ለሁለት የሚያካፍል ነው። በግራ የተቀመጠው የባሕር ዳሩን መብራት ያበራል፤ በቀኝ ያለው ጀልባዋን በቀስት ምልክት ቁልፎቹ ይነዳል። መብራቱ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ዓለቱን በዚያች አፍታ አይቶ ማለፍ ነው። መብራቱ የእሷ፣ ጀልባዋ የአባቷ ነበረች። ሲጋጩ አይቆጣትም። "መብራት" ይላል ቀስ ብሎ፤ ታበራለች። እናቷ የላከችው ምሳ በአጠገባቸው ይቀዘቅዛል፤ ውጭ የቆመ ደንበኛ በሩን ያንኳኳል፤ አባቷም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል "አንድ ጊዜ፣ ወደብ ልንገባ ነው!" ይላል። ዲስኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስምም ወደብ ማለት ነው ስላላት ጨዋታውን "ወደብ" አሉት። በኋላ ሱቁ ፈርሶ መንገድ ሆነ፤ ኮምፒውተሩም ዲስኩም የት እንደገቡ ማንም አላስታወሰም።

ግለሰቦች ቤታቸው ተቀምጠው የሠሯቸው ጌሞች የሚሸጡበትን የኢንተርኔት ገበያ ባለፈው እሁድ ያሳያት ፕሮፌሰር ነው። እዚያ የሌለ የለም ብሏታል። እውነቱን ነው፤ ጣጣውም ይኸው መብዛቱ ሆነ። ወደብ የሚለውን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ስድስት ሺህ ጌም ወጣ። ጀልባ ስትጨምርበት ይቀንሳል ብትል ዐሥራ አንድ ሺህ ሆነ። መብራት ስትል ደም የሚያንጠባጥቡ የአስፈሪ ጌም ፊቶች ተደረደሩ። ለሁለት ሰው የሚለውን ስትመርጥ ባዶ ገጽ። አንዱን ከፍታ አይታ ስትመለስ ገበያው የነበረችበትን ረስቶ ከላይ ያስጀምራታል፤ አንድን ዝርዝር ስምንት ጊዜ ከአናቱ ወርዳዋለች። ነጻ ተብሎ የተጻፈበት ሲከፈት ነጻው ሙከራው ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት ጀልባም መብራትም ያለበት ሥዕል አይታ ልቧ ዘለለ፤ ገዛችው። ስትከፍተው መድፍ የሚተኩሱ የባሕር ወንበዴዎች ናቸው። ገንዘቤን መልሱልኝ ብትል "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል የማሽን መልስ መጣላት፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ዛሬ ደግሞ ቁርጥ የእነሱን ጨዋታ የሚመስል ስታገኝ ካርዷ እምቢ አለ።

"ስሙን አባትሽን ጠይቀሻቸዋል?" አላት ፕሮፌሰር የፍሬሙን ብሎን እያጠበቀ።

"ሳያስበው ላስደስተው ብዬ ነዋ።"

"ባለቤቱን ሳትጠይቂ ዕቃ ፍለጋ ትወጫለሽ?"

የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ምሳ አቀረበችለት፤ በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ፣ ሲበላ እንዳታየው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በላ። ሳህኑን ካነሳች በኋላ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ ስድስቱን ቀን፣ ወንበዴዎቹን፣ እምቢ ያለውን ካርድ። ስለ እጁ ግን ምንም አላነሳችም። አባቷ ሳያቋርጥ ሰማት።

"እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው?" አላት መጨረሻ ላይ።

ፊደል በፊደል ነገረችው።

"አይደለም። መሐሉ ላይ ያለችው አር ሁለት ናት።"

"አባዬ፣ አንድ ናት እኮ። መዝገበ ቃላት ላይም አንድ ናት።"

"መዝገበ ቃላቱ ላይ አንድ ትሁን። ዲስኩ ላይ ሁለት ናት። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሲላጥ በአዲስ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ስሙን ሲጽፍ አንድ ፊደል ተርፎታል። ላርመው አልኩና፣ የሰው ሥራ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ እንዳለ ተውኩት።"

ሁለት አር አድርጋ ጻፈች። አንድ ጌም ብቻ ወጣ።

ሥዕሉ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ግራጫ ባሕር፣ አንዲት ነጭ ነጥብ። ሁለቱም ጠጋ ብለው አዩት። ከሥሩ ሠሪው፣ ተማሪ ሳለሁ ከወንድሜ ጋር ልጫወተው ሠራሁት፣ ስሙን መሳሳቴ ወንድሜን ስላሳቀው ሳላርመው ቀረሁ ብሎ ጽፏል። ዋጋውን መወሰኑን ደግሞ ለገዢው ትቶታል። መነጽር ሠሪዋ ጥሩ አድርጋ ልትከፍለው ፈለገች፤ ካርዱ አሁንም ተመለሰ። ከክፍያው በታች፣ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል፣ ሳይከፍሉ ለመውሰድ የምትል መስመር ነበረች። ቀድሞ ያያት አባቷ ነው። የጠጋኝ ዓይኑ አልከዳውም። እሷ ትንሽ አቅማማች። አባቷ ግን፣ ሰውየው ውሰዱ ካለ ውሰዱ ማለቱ ነው አላት።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በግራ በኩል ተቀመጠች። የማዕበሉ ድምፅ መጣ፤ ያው በወንፊት እህል የሚነፋ የሚመስለው ሹሹታ። አባቷ ወንበሩን በግራ እጁ ጎትቶ ተጠጋ። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ቀስቶቹ ላይ አኖረው። እሷም ስክሪን ስክሪኑን አየች።

ጀልባዋ የመጀመሪያው ዓለት ላይ ሄዳ ተላተመች። ሁለተኛውም ጊዜ እዚያው። በአምስተኛው ሙከራ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ሊነሳ አልቻለም፤ ጀልባዋ አንድ ቦታ ክብ ሠራች። አባቷ ደጋግሞ ተነፈሰ እንጂ ከወንበሩ አልተነሳም። ዐሥረኛው ላይ ይሁን ዐሥራ አንደኛው፣ ጀልባዋ የዓለቱን ጠርዝ ላጭታ አለፈች።

"መብራት" አለ ቀስ ብሎ።

አበራች። ያን ዕለት ወደብ አልገቡም። ሁለተኛው ዓለት አላሳልፍ አላቸው፤ ምሳው ከቀረበ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ አባቷ ጣቶቹ ዝለው እጁን አወረደ። ፊቱን አልቦታል። ፈገግ ያለ መሰላት።

ጨዋታውን ስትዘጋው የገበያው ገጽ ተመልሶ መጣ። ከሥር፣ ሌሎች ሰዎች ይህን ጌም እንዲያገኙት የሚያስታውሱትን ቃል ይጻፉ የሚል ባዶ ሣጥን ነበረበት። አባቷ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ አስረዳችው።

"ማንም አልጻፈም?"

"ማንም።"

"ያቺን አንዲት ፊደል የማያውቅ ሰው ታዲያ በምን ያገኘዋል?" አለ። "ጻፊ። መብራት በይ። ጀልባ በይ። ለሁለት ሰው በይ።"

እጇን ስትሰድ "ቆይ" አላት። "እኔ ልጻፈው።"

የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አንስቶ ከፊደሎቹ በላይ አንዣበበ። የፈለጋትን አይቶ ሲጥለው ጎረቤቷን ነካ። አጠፋት። እንደገና ሞከረ፤ ሁለት ፊደል አንድ ላይ መጣ። አንዱን አጠፋ። ሦስቱን ነገር እሷ ብትጽፈው የሰከንዶች ሥራ ነበር፤ ጣቶቿም ሳታዛቸው ከጠረጴዛው ተነሥተው ነበር። አባቷ ቀና አላለም። ከንፈሩን ነክሶ ሦስተኛዋን ፊደል ይፈልጋል።

ገጹ መጠበቅ የሰለቸው ይመስል፣ መሐል ላይ ጽሑፍ አወጣ፦ አሁንም እዚህ አሉ?

መነጽር ሠሪዋ "አዎ" የሚለውን ነካች፣ እጇንም ሰበሰበች።