ገመዱ ላይ የተቀመጠችው ሳያት

የማቴዎስ የጀልባ ሞተር ብሎኑ ላልቶ ሐዋሳ ሐይቅ የገባው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዋዜማ ነው። ሊይዘው ሲንጠራራ አንድ እግር ጫማውም አብሮ ሄደ። ነገ ለበዓሉ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ሜዳ የሚጎርፈው ሕዝብ ጉማሬ ልይ ማለቱ አይቀርም፤ ሞተር የሌለው ጀልባ ደግሞ ገንዳ ነው። የዓመቱ ገበያ ሊያመልጠው ሆነ።

ልጁ ሳያት ግን ዝም ብላ አላለቀሰችም። በኃይሉን፣ የድሮውን የባሕር ኃይል ጠላቂ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር ሲል ከነአየር ሲሊንደሩ ከመናኸሪያ መልሳ አመጣችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅዎ ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው። በየደቂቃው ከሲሊንደሩ ስንት አየር እንደጎደለ ያያል። በጠለቅሁ ቁጥር አንዷ ትንፋሽ ብዙ አየር ትበላለች፤ እሱንም ያሰላል። ከዚያ ‹በዚህ አተነፋፈስህ ይሄን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል› ይለኛል።»

«ከአባዬ ይሻላል። እሱ ‹ቤንዚን አለቀ› የሚለው ካለቀ በኋላ ነው።»

«አንቺ!» አለ ማቴዎስ።

ሞተሩ የወደቀበት ቦታ ቀዝፈው እንደደረሱ በኃይሉ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ጠለቀ። ጫፉን የያዘው ማቴዎስ ነው። መረብ እየነካካ ዓሣ መግባቱን መፈተሽ የለመደ እጅ፣ ገመድ ሲይዝስ መች ያርፋል? አሁንም ሳብ፣ አሁንም ሳብ።

ብዙም ሳይቆይ በኃይሉ እየተነጫነጨ ብቅ አለ።

«ሞተሩን አግኝቼው ነበር። ግን ‹ሃያ ደቂቃ ቀርቶሃል› ያለኝ ኮምፒውተር ድንገት ‹ስምንት› አለኝ። አርጅቷል መሰለኝ።»

ሳያት የአባቷን እጅ አየች።

«ጋሼ፣ ገመዱ ሲሳብ ይደነግጡ ነበር?»

«እኔ? የባሕር ኃይል ሰው?»

«እርስዎ ባይደነግጡም ሳንባዎ ደንግጧል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ አየሩ ቶሎ ጎደለ፤ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ነው የቆጠረው። ምን በደለ?»

በኃይሉ ሳቁ አመለጠው። «እውነትሽን ነው። ቀስ ብዬ ከተነፈስሁ የቀረው ይበቃኛል። ገመዱን ሞተሩ ላይ አስሬ ስጨርስ ሦስቴ እስባለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካኝ!»

ሲጠልቅ ሳያት ገመዱን ከአባቷ ቀምታ ጫፉ ላይ ዘፍ አለች።

«ሰውየው ቢሞትስ?» አለ ማቴዎስ፣ እጁ እየበላው።

«አረፋው ይወጣ የለ? አንተ ብቻ እጅህን ኪስህ ክተት።»

ከሥር ሦስቴ ተሳበ። ማቴዎስ ኪሱን ሊቀድ ደርሶ ነበር፤ ተረባርበው ጎተቱ። ሞተሩ ጭቃ እንደለበሰ ወጣ፤ በኃይሉም ተከትሎት ብቅ ብሎ ክንዱን በኩራት ዘረጋላት።

«እዪ! ገና አምስት ደቂቃ ይቀረኛል!»

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?» አለች ሳያት። «የአባዬ ጫማ እኮ እዚያው ነው ያለው።»