የሌላ ሰው ቁጥር

ዚክራ ስልኩን የገዛችው ደሴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ካለ ጠባብ ሱቅ፣ ከርካሾቹም ርካሹን መርጣ። ካሜራው ፊት ያደበዝዛል፤ ባትሪው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ይደክማል። ግን የራሷ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐርቡ ያለችውን እናቷን የምታገኘው የአከራይዋን ስልክ ለምና ነበር። ሲም ካርዱንም ያን ዕለት አወጣች፣ ካርድ ሞላች፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።

በምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ከጎኗ የምትሰፋው ሰርካዲስ ቴሌግራም ከፈተችላት። "ፎቶ አድርጊበት እንጂ፣ ባዶውን አያምርም" ብላ በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው በር ፊት አቁማ አነሳቻት። ዚክራ ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሳ እየሳቀች ነበር።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

"ስመኝ" አለ የወንድ ድምፅ።

"ተሳስተዋል፤ ስመኝ አይደለሁም።"

"ድምፅሽን ስለቀየርሽ የማላውቅሽ መሰለሽ?"

ዘጋችበት። መልሶ ደወለ። በማግስቱም ደወለ። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ዚክራን ይበልጥ ያስፈራት ይኼው ነበር። አንድ ጊዜ፣ ቁጣዋን ሰብስባ "ወላሂ ስመኝ የምትባል ሴት አላውቅም! ሲሙን ከሱቅ ነው የገዛሁት" አለችው።



"አሁንማ አንቺ እሷ እንዳልሆንሽ አውቄያለሁ" አላት። "ፎቶሽን አየሁት። ሰማያዊ ጋዋን፣ ከኋላሽ ስሙ የተጻፈበት የፋብሪካ በር። ሲሟን ለአንቺ ሰጥታሽ ተደብቃለች። የት እንዳለች ንገሪኝና እተውሻለሁ።"

ፎቶውን አጠፋችው። የሱንም ቁጥር እንዳይደውልላት አገደችው። በሌላ ቁጥር ደወለ። "አጠፋሽው አይደል? እኔ ጋ አለ" አላት።

ከዚያ ወዲያ ዚክራ ከፋብሪካው ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄድበትን መንገድ ጠላችው። ከኋላዋ ባጃጅ ፍጥነት ሲቀንስ ልቧ ይመታል። አንድ ወንድ ስልኩን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ብትሰማ ሥራሽን ትተሽ ነይ ትላታለች። የነገረችው ለሰርካዲስ ብቻ ነው። እሁድ ደሴ ሄደው ሲሙን ሊያስቀይሩ ተነጋገሩ።

ዓርብ፣ ለምሳ እንደወጡ፣ ሌላ የማታውቀው ቁጥር ደወለ። ልታነሳው አልፈለገችም። ሰርካዲስ አነሳችና ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ዚክራ ዘረጋችላት። "ሴት ናት።"

"እህቴ፣ አታውቂኝም" አለች ሴትዮዋ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ስመኝ እባላለሁ። ይኼ ቁጥር ድሮ የኔ ነበር። ጥዬው ነው የሸሸሁ፤ ለሌላ ሰው ይሸጣል ብዬ አላሰብኩም።"

ዚክራ ተጠራጠረች። ሰውየው ያስደወላት ብትሆንስ?

"ባሌ ጸጋው ይባላል" ቀጠለች ስመኝ። "ደሴ ያለ ዘመዴ አሁን ደወለልኝ። ጸጋው ኮምቦልቻ የስመኝን ጓደኛ አገኘኋት፣ ቁጥሯን ይዛለች እያለ ፎቶሽን ለሰው ሲያሳይ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ እናንተ ወርዷል። በሞቴ፣ ብቻሽን ከበር እንዳትወጪ። እኔ ያለሁት..."

"ተይ!" ዚክራ ሳታስበው ጮኸች። "የት እንዳለሽ እንዳትነግሪኝ! ካላወቅሁ አንቆም ቢይዘኝ አይወጣኝም።"

በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ተሰማ፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ከምሳ በኋላ ዚክራ የሰፋችው ስፌት ሁሉ ጠመመ። አለቃዋ ሦስቴ አስፈታቻት። ሰርካዲስ ግን አልተቀመጠችም፤ ወደ በሩ ጥበቃ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ለፖሊስ ደውለው፣ ዚክራን "ልጄ፣ ከሌሎቹ መሀል ሆነሽ ውጪ፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ" አሏት።

የመውጫ ሰዓት ደረሰ። ዚክራ ስልኳን አጥፍታ፣ ጋዋኗን በቦርሳዋ ከትታ፣ የሰርካዲስን ነጠላ እስከ ግንባሯ ለብሳ ወጣች። የሴቶቹ ጎርፍ በሩን ሞላው። ስልኬ ካልጠራ አያውቀኝም፣ እያለች ነበር በልቧ።

አየችው። ከበሩ ማዶ፣ ቆሞ ከሚጠብቀው ሰርቪስ አጠገብ፣ አጠር ያለ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ ሰው። አንዴ ስልኩን ያያል፤ አንዴ ቀና ብሎ የምታልፈውን ሴት ፊት ያያል። እንደገና ስልኩን፣ እንደገና ፊት። የሷን ፎቶ ይዞ እያንዳንዷን እያመሳከረ ነው። ዚክራ ነጠላውን ወደ ፊቷ ሳበች። መሮጥ ፈለገች፤ እግሯ እንቢ አለ።

"ያረቢ" አለች በሹክሹክታ።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሰው እየገፋ መጣ። ክንዷን ያዛት።

"የት ናት?" አለ፤ አሁንም ቀስ ብሎ።

"አላውቅም!"

ነፃ እጁ ወደ ጃኬቱ ውስጥ ሲገባ ያየችው ሰርካዲስ ናት። "ይዟል! ያዙት!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሸሹ እንጂ አልተበተኑም፤ ተመልሰው ከበቡት፤ አንዷ በምሳ ዕቃዋ እጁን መታችው። ጋሽ ፈንታሁንና ሌላው ጥበቃ መሬት ላይ ጣሉት። ከጃኬቱ ውስጥ ጩቤ ወደቀ። ፖሊሶች ደርሰው ሲወስዱት ዚክራ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ክንዷን እያሸች ነበር፤ ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ቀልቷል።

ቃሏን ሰጥታ ሰርካዲስ ቤት ገባች። ስልኩን ከፈተችና ስመኝ ወደደወለችበት ቁጥር መታች።

"ታስሯል" አለቻት። "ጩቤ ተገኝቶበታል።"

 "እግዜር ያኑርሽ፣ እህቴ" አለች ስመኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦ "እስከ መቼ ያስሩታል?"

"አላውቅም።"

እሁድ ዕለት ዚክራ ደሴ ወጥታ ሲሙን ቀየረች። አዲሱን ቁጥር ለእናቷ፣ ለሰርካዲስና ለስመኝ ብቻ ሰጠች። ፎቶ አላደረገችበትም። አሁንም ስልኩ ሲጠራ ወዲያው አታነሳም፤ ቁጥሩን እስክታነብ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች።