ወራጅ አለ

ደጀን ባጃጅ መንዳት ያውቃል፤ ሙዚቃ መጀመርም ያውቃል። መጨረስ ላይ ነው ጣጣው። ቦንጋ መናኸሪያ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ስልኩን ያወጣና ከበሮ ይመታል፣ ቤዝ ይጨምራል፣ ሸራው ላይ የሚንጠባጠበውን ዝናብ ቀድቶ ያስገባል። ነገሩ መጣፈጥ ሲጀምር ተራው ይደርስና ሁሉም እዚያው ይቀራል። ስልኩ ውስጥ ጅምር እንጂ ዘፈን የለም።

ሚስቱ ፀደንያ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። አሁን ግን የልጃቸው የይዲድያ ክርስትና ለእሁድ ደርሷል፤ ስልኩ ደግሞ ከመሙላቱ የተነሳ አንዲት ፎቶ አልቀበልም ብሏል።

«እስከ ቅዳሜ የጨረስከው ይቀመጣል፤ ያልጨረስከውን አጠፋዋለሁ» አለችው።

ፀደንያ እንደ ባሏ አይደለችም፤ የጀመረችውን ትጨርሳለች። ደጀን ፈራ። ፍርሃቱም አባሰበት። አብልጦ የሚወደው ጅምር ላይ ክራር ጨመረ፣ ጭብጨባ ጨመረ፣ የባጃጁን ጥሩምባ ሳይቀር ጨመረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጠዋት የጠጋገነው ከሰዓት ይበተንበታል።

አርብ ዕለት ኮረሪማ ነጋዴዋ እትዬ ላቀች ከገበያ ተሳፈሩ። ደጀን ያንኑ ጅምር ከፈተላቸው። ዳገቱን ወጡ፣ ጭቃውን ተሻገሩ፣ ደጃቸው ደረሱ፤ እትዬ ላቀች ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ደርሰናል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተ ደርሰህ ይሆናል። ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚደርሰው? መጨረሻውን ሳልሰማ አልወርድም።»

ዘፈኑ ዞሮ ከመጀመሪያው ተነሳ። ደጀን መጨረሻ እንደሌለው ነገራቸው።

«ታዲያ አንተ መጫን እንጂ ማውረድ አታውቅም?»

«ኧረ እትዬ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት አይደለም። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«ምን ኢንተርኔት ታመጣብኛለህ? ከበሮውን ጫንክ፣ ክራሩን ጫንክ፣ ጥሩምባህን ጫንክ። ትርፍ ነው ይሄ። መንገድ ላይ የሚወርድ የለም?» አሉና ዘንቢላቸውን አንስተው፣ ባጃጁ መቆሙን ረስተው፣ በልማዳቸው «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ።

ደጀን ሮጦ ደረሰባቸው። «እባክዎ እትዬ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ብሎ ስልኩን አፋቸው ሥር ደቀነ። ግራ ቢገባቸውም ደገሙለት።

ያን ቀን ከሰዓት፣ መናኸሪያ በር ላይ ተራው ሲደርስ ከኋላው ላሉት ለቀቀላቸው። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ቅዳሜ ፀደንያ ልጇን ታቅፋ ባጃጁ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች። ደጀን ሙዚቃውን ከፈተ። ከበሮው፣ ክራሩ፣ ጭብጨባው፣ ጥሩምባው ተራ በተራ ተሳፈሩ። መሃል ላይ የእትዬ ላቀች ድምፅ «ወራጅ አለ» አለና ጥሩምባው ወረደ። «ወራጅ አለ»፤ ጭብጨባው ወረደ። ክራሩም ወረደ፣ ከበሮውም ወረደ። ሸራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቀስ ብሎ አባራ።

 ፀደንያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችው። ሌሎቹን ጅምሮች ልታጠፋቸው መሰለው።

«እነዚህኞቹም የሚወርዱበት አላቸው?» አለችው።

«አላቸው። ተራ ይዘው ነው።»

ፀደንያ ስልኩን መለሰችለት። «እንግዲህ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አይጣልም። ፎቶውን በእህቴ ስልክ እናነሳለን።»